«ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ይህችን አባባል የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ጉዞ ሲሰረዝ፣ ሠርግ ሲራዘም፣ በተለይ ደግሞ ብዙ ያቀደ ሰው በድንገት ሲሞት «ምን ይደረግ፣ ሰው ያስባል እግዚአብሔር ይፈጽማል» እንላለን። ትርጉሙ ቀላል ነው። ማቀድ የሰው ነው፣ ፍጻሜው ግን በእጁ አይደለም። ችግሩ አባባሏ ትዝ የምትለን ነገር ከተበላሸ በኋላ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ተስፋ የቆረጠ ሰው ንግግር እየመሰለች ሄዳለች።

ሐሳቡ የቆየ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ 16፥9 «የሰው ልብ መንገዱን ያዘጋጃል፤ እግዚአብሔር ግን አረማመዱን ያቀናለታል» ይላል። በላቲንም «ሆሞ ፕሮፖኒት፣ ሴድ ዴውስ ዲስፖኒት» የሚል አቻ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ አለ። ቁርኣንም በሱረቱል ከህፍ «ነገ ይህን እሠራለሁ» የሚል ሰው የአላህን ፈቃድ እንዲያስቀድም ያዛል፤ ኢንሻአላህ የሚባለው ለዚህ ነው።

በዚህ ሐሳብ ውስጥ ሞትን በግልጽ ያስገባው የአዲስ ኪዳኑ ያዕቆብ ነው። በመልእክቱ ምዕራፍ 4 ላይ ነጋዴዎችን ያናግራል፤ ዛሬ ወይ ነገ እዚያ ከተማ እንሄዳለን፣ ዓመት እንቆያለን፣ ነግደን እናተርፋለን የሚሉትን። ዕቅዱ እኮ እንከን የለውም፣ ቦታው፣ ጊዜው፣ ትርፉ ሁሉ ታስቧል፣ ያልታሰበው ነጋዴው ራሱ ነገ መኖር አለመኖሩ ብቻ ነው። ሕይወታችሁ ታይቶ እንደሚጠፋ እንፋሎት ነው ይላቸዋል። አትነግዱ ግን አላላቸውም። «ጌታ ቢፈቅድ፣ ብንኖርም» እያላችሁ አቅዱ ነው ያላቸው።

ለእኔ አባባሏን ከሁሉም በላይ የሚያስረዳው የንጉሥ ሕዝቅያስ ታሪክ ነው፣ 2ኛ ነገሥት 20 ላይ ያለው። ታሞ ተኝቶ ሳለ ነቢዩ ኢሳይያስ መጣና ትሞታለህና ቤትህን አስተካክል አለው። ልብ በሉ፣ ሞቱ ተነግሮትም የሚሠራው ሥራ ተሰጠው። ሕዝቅያስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ጸለየ፣ አለቀሰ። ኢሳይያስ ከግቢው ሳይወጣ መልስ መጣ፤ 15 ዓመት ተጨመረለት። ከዚያ ምን ተደረገ? የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው ቁስሉ ላይ አደረጉለት፣ ዳነ። ፈውሱን የሰጠው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒቱም አልቀረም። እንግዲህ ክኒኑን እያስቀመጠ «እግዜር ያውቃል» የሚል ሰው ይህችን አባባል ባይጠቅስብን ደስ ይለኛል። «ሰው ያስባል» የሚለውን ግማሽ ዘሎ ነው የሚናገረው።

ታሪኩ እዚያ አያልቅም። ሕዝቅያስ ሞቶ ልጁ ምናሴ ሲነግሥ ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበር። አስሉት፣ በተጨመረው ዕድሜ ውስጥ የተወለደ ነው። ይኸው ልጅ አባቱ ያፈረሳቸውን የኮረብታ መስገጃዎች፣ ጣዖት የሚመለክባቸውን ቦታዎች፣ መልሶ ሠራቸው። በልቅሶ የተለመነው ዕድሜ እንኳ ምን ይዞ እንደሚመጣ ለማኙ አላወቀም። እኛም እንደዚያው ነን። አስበን፣ ለፍተን፣ ጸልየን፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ለማይሞተው መተው ነው እንጂ ሌላ ምን አቅም አለን? እውነቱን ለመናገር ይህ ያሳርፈኛል። ከእኔ በኋላ የሚሆነውን ሁሉ እኔ ካልያዝኩት ይወድቃል ብሎ መኖር ያደክማላ!

አንድ ነገር ልጨምር። አባባሏ የሚያምርባት ሰው ስለ ራሱ ዕቅድ ሲናገር ነው። ልጁን ቀብሮ ለተመለሰ አባት ስትነገር ግን «በቃ ዝም በል» የሚባል ያህል ትከብዳለች። ለእሱ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ አጠገቡ መቀመጥ ይበቃል።