«ሰውነቴ አልተቀበለውም»፦ ስላልያዘ የጥርስ ኢምፕላንት የሚነገሩ ስህተቶች

በሕክምና ወንበሬ ላይ ከሚቀመጡ ሰዎች አፍ ከምሰማው ሁሉ «ዶክተር፣ ኢምፕላንት ሞክሬ ነበር፤ ሰውነቴ አልተቀበለውም» እንደሚለው የሚያሰለቸኝ የለም። አባባሉ ታካሚውን ከተጨማሪ ጥያቄ፣ የተከለለትን ባለሙያም ከተጠያቂነት ስለሚያሳርፍ ይመስለኛል ሁለቱም ወገኖች የሚወዱት።

ሰውነት አልቀበልም የሚለው የሌላ ሰው ሕዋስ ያለበትን አካል፣ ለምሳሌ የተለገሰ ኩላሊትን ነው። ኢምፕላንት ግን በጥርስ ሥር ምትክ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል፣ ሕዋስ የሌለው የቲታኒየም ብሎን ነው። በ1952 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስዊድናዊው ተመራማሪ ፐር ኢንግቫር ብራነማርክ በጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገባውን የቲታኒየም መሣሪያ መልሶ ማውጣት የተሳነው፣ አጥንቱ ብረቱን እንደ ራሱ አካል አጥብቆ ስለያዘው ነበር። ብራነማርክ በ1965 ጥርስ የተከለለት የመጀመሪያው ታካሚ፣ ዮስታ ላርሶን፣ በ2006 እስኪሞት ድረስ በዚያው ጥርስ ሲያኝክ ኖሯል። ለቲታኒየም እውነተኛ አለርጂ ያላቸው ሰዎች አሉ፤ እጅግ ጥቂት ናቸው እንጂ ይህን ቃል ከሚደግሙልኝ ሰዎች ብዛት ጋር የሚመጣጠኑ አይደሉም።

ታዲያ ለምን አልያዘም? በመጀመሪያዎቹ ወራት ከወደቀ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሚከተሉት አንዱ ነው። ቦታው ተመርዞ ይሆናል፤ አጥንቱ ሲበሳ በውኃ በሚገባ ስላልቀዘቀዘ ተቃጥሎም ይሆናል (47 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ ደቂቃ ከቆየ አጥንቱን ለመጉዳት ይበቃል)፤ ወይም ሳይጠና ስለታኘከበት ተነቃንቋል፤ አለበለዚያ ታካሚው ያጨሳል ወይም የስኳር ሕመሙን አልተቆጣጠረም። ከዓመታት በኋላ የሚወድቀው ደግሞ በአብዛኛው በዙሪያው ያለው ድድ ቆስሎ አጥንቱ ቀስ በቀስ ስለተበላ ነው።

ከዋሽንግተን አካባቢ ለሦስት ሳምንት ዕረፍት መጥተው የታችኛው መንጋጋቸው ላይ ያስተከሉ አንድ ጎልማሳ ነበሩ። በአራተኛው ወር ብሎኑ እጃቸው ላይ ወጣ፤ ከዚያም ሰውነታቸው ኢምፕላንት እንደማይወድ አምነው ሦስት ዓመት ሙሉ በሚወለቅ ጥርስ ኖሩ። እኔ ዘንድ ሲመጡ የሦስት ወር የስኳር መጠናቸውን የሚያሳየው ምርመራ ከ9 በመቶ በላይ፣ ማለትም በጣም ከፍ ያለ ነበር፤ በቀን አንድ ፓኮ ሲጋራም ያጨሱ ነበር። ሁለቱንም ቀድሞ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ስኳሩን ካስተካከሉና ሲጋራውን ካቆሙ በኋላ የጎደለውን ቦታ በአጥንት ሞልተን፣ እስኪጠና ወራት ጠብቀን እንደገና ተከልንላቸው፤ አሁን አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ያው ሰውነት፣ ያው ብረት!

«የወደቀበት ቦታ ዳግም አይተከልበትም» የሚለውም ከዚሁ የተወለደ ስህተት ነው። አጥንቱ ካልተጎዳና መግል ከሌለ አንዳንድ ጊዜ በዚያው ቀን መተካት ይቻላል፤ ካልሆነ ቦታው ተጠርጎ፣ አጥንት ተሞልቶ ወራት ይጠበቃል። ይሁን እንጂ «ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው አስተማማኝ ነው» የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ እሱንም አትመኑት፤ በመጀመሪያ ጊዜ ከተተከሉት 100 ውስጥ 95 ያህሉ አሥር ዓመት ሲቆዩ፣ በወደቀው ምትክ የተተከሉት ዕድላቸው ከ90 በታች፣ የሦስተኛው ሙከራ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ስለዚህም የመጀመሪያው የወደቀበት ምክንያት ሳይታወቅ ሁለተኛውን ለመትከል የሚቸኩል ሰው ገንዘባችሁን እንጂ ጥርሳችሁን እያሰበ አይደለም።

«ካላመመኝ ደህና ነው» ማለትም አይሠራም፤ በኢምፕላንት ዙሪያ አጥንት የሚበላው ቁስለት አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ የሚታየው በሚደማ ድድና በራጅ ላይ ነው። ብረት ስለሆነ መቦረሽ አያስፈልገውም የሚሉትን ደግሞ ዝም ብዬ ቡርሽ እሰጣቸዋለሁ።

የተነቃነቀ ሁሉ የወደቀ አለመሆኑን ግን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። አንዲት እናት እያለቀሱ መጥተው «ሊነቅሉልኝ ነው» ሲሉኝ አይቼው፣ አጥንት ውስጥ ያለው ክፍል አልተነቃነቀም ነበር፤ የላላው በላዩ ያለውን ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያስረው ትንሽ ብሎን ነበር። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብንም። አጥንት ውስጥ ያለው ራሱ ሲነቃነቅ ነው መውጣት ያለበት፣ እሱም ሳይዘገይ፤ በቆየ ቁጥር ለምትኩ የሚሆነው አጥንት ይሳሳል።

ያች ትንሽ ብሎን ግን እንደ አምራቹ ትለያያለች፣ የምትፈታበት መሣሪያም እንዲሁ። ወደ ውጭ አገር የምትመለሱ ሰዎች የአምራቹ ስም፣ የኢምፕላንቱ ቁመትና ውፍረት የተጻፈበትን ካርድ ሳትቀበሉ ከክሊኒክ አትውጡ፤ ካርዱ ከሌለ እዚያ ያለው ሐኪም የላላውን ለማጥበቅ እንኳ ምን ዓይነት እንደሆነ ከራጅ ላይ ለመገመት ይገደዳል።