የኒክ ሴባን የአላባማ ቡድኖች፦ ዐሥራ ሰባት የውድድር ዘመናት በደረጃ

ኒክ ሴባን የአላባማ ዩኒቨርሲቲን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ከ2007 እስከ 2023 አሠልጥነዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእነዚህ ዐሥራ ሰባት የውድድር ዘመናት ሜዳ ላይ 206 ጊዜ አሸንፈው 29 ጊዜ ብቻ ተሸንፈዋል፤ ስድስት ጊዜም ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነዋል። በ2003 ከሉዊዚያና ስቴት ጋር ያነሡት ዋንጫ ሲታከልበት ሰባት ይሆናል፤ ከእርሳቸው በፊት በዚያው በአላባማ ስድስት ያገኙትን ቤር ብራያንትን በአንድ ይበልጣሉ ማለት ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ባለበት በተስካሉሳ ከተማ ስለ ሴባን ታላቅነት የሚሟገት ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ሙግቱ የሚጦፈው ከራሳቸው ቡድኖች የትኛው ይበልጣል የተባለ እንደሆነ ነው።

በሩጫ ሰዓት አለ፤ ከዐሥር ዓመት በፊት የሮጠውንና ዛሬ የሮጠውን ያስታርቃል። በኮሌጅ ፉትቦል ግን እንዲህ ያለ ዳኛ የለም። አንድ ተጫዋች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚቆየው ሦስት ወይም አራት ዓመት በመሆኑ፣ መለያው ያው ሆኖ የለበሱት ልጆች ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣሉ። ደረጃ የሚያወጣ ሰው የሚይዘው የሽንፈቱን ቁጥር፣ የነጥቡን ልዩነት፣ የተጋጣሚዎቹን ጥንካሬና ከቡድኑ ወደ ኤንኤፍኤል (የአሜሪካ የባለሙያዎች ፉትቦል ሊግ) ያለፉትን ተጫዋቾች ነው። በሴባን ቡድኖች ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ ጨዋታው ራሱ በመሐል ተለውጧል። በ2011 አላባማ ከሉዊዚያና ስቴት ጋር ተጋጥሞ በጭማሪ ሰዓት 9 ለ 6 ተሸነፈ፤ አንድም ታችዳውን (ኳሱን ከተጋጣሚ የመጨረሻ መስመር አሳልፎ የሚገኝ ስድስት ነጥብ) አልተቆጠረም። በ2020 ሁለቱ ባሉበት ኮንፈረንስ (በየዓመቱ እርስ በርስ የሚጋጠሙ የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ማኅበር) ፍጻሜ አላባማ ፍሎሪዳን 52 ለ 46 አሸነፈ። አሠልጣኙ አንድ ሰው ናቸው። ሴባን በ2012 ፋታ የማይሰጠውን ፈጣን አጨዋወት በይፋ ሲተቹ ነበር፤ በ2014 ግን ሌን ኪፈንን የማጥቃት ክፍሉ ኃላፊ አድርገው ቀጠሩና ያንኑ አጨዋወት የራሳቸው አደረጉት። ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉት ቡድኖች በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ ይህን ማስታወስ ያሻል።

አንደኛውን ለመምረጥ ብዙ አልቸገርም፤ የ2020 ቡድን ነው። 13 ተጫውቶ 13 አሸነፈ። ወረርሽኙ የውድድር ዘመኑን ስላሳጠረው ድሉ ይቀንሳል የሚሉ አሉ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ በሌላ ጊዜ በየዓመቱ ከሚገቡት ቀላል ግጥሚያዎች አንዱም ስላልነበረ ከፍጻሜው ዙር በፊት የገጠማቸው ሁሉ ከራሱ ኮንፈረንስ የመጡ ናቸው። ከፍሎሪዳው ጨዋታ በቀር ሁሉንም በ15 ነጥብና ከዚያ በላይ አሸንፏል። በአማካይ በአንድ ጨዋታ 48.5 ነጥብ አስቆጥሯል። ፈጣኑ ጄይለን ዋድል በጥቅምት ተጎድቶ ሲወጣ ማጥቃቱ ይዳከማል ተብሎ ነበር፤ ዴቮንታ ስሚዝ ግን ሸክሙን ለብቻው ተሸክሞ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ሽልማት ወሰደ። በኦሃዮ ስቴት ላይ በተደረገው ፍጻሜ ስሚዝ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 12 ኳስ ይዞ 215 ያርድ (አንዱ ያርድ ከአንድ ሜትር ጥቂት ያንሳል) እና ሦስት ታችዳውን አስመዘገበ፤ ከዕረፍት በኋላ እጁ ተጎድቶ ተቀምጦ ተመለከተ። ውጤቱ 52 ለ 24 ሆነ። ከዚያ ቡድን ስድስት ተጫዋቾች ክለቦች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት በቀጣዩ የኤንኤፍኤል ምርጫ በመጀመሪያው ዙር ተወስደዋል። ሴባን በኮቪድ ምክንያት ቤት በዋሉበት ቀን እንኳ ቡድኑ የከተማ ጠላት ያህል የሚቆጠረውን ኦበርንን 42 ለ 13 ረትቷል።

ሁለተኛው ላይ ከብዙ ሰው እለያለሁ። ብዙዎች ያልተሸነፈውን የ2009 ቡድን ያስቀምጣሉ፤ እኔ አንድ ጊዜ የተሸነፈውን የ2011ን እመርጣለሁ። የተከላካይ ክፍሉ በተቆጠረበት ነጥብ፣ በፈቀደው ጠቅላላ ያርድ፣ በሩጫም በውርወራም ከአገሪቱ ሁሉ አንደኛ ነበር፤ በአንድ ጨዋታ የሚቆጠርበት ከዘጠኝ ነጥብ በታች ነው። ያ አንድ ሽንፈት ደግሞ የመጣው ከእግር ምት ነው፤ አላባማ ካደረጋቸው ስድስት የሦስት ነጥብ ምቶች የገቡት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሁለቱ ቡድኖች በፍጻሜው እንደገና ሲገናኙ ሉዊዚያና ስቴት የሜዳውን አጋማሽ የተሻገረው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በጠቅላላው 92 ያርድ ተጉዞ 21 ለ 0 ተሸነፈ። ጨዋታው ለተመልካች አሰልቺ ነበር መባሉ አያከራክርም። ሳይበገሩ ማሰልቸትም ግን ችሎታ ነው።

የ2009 ቡድን በሦስተኛነቱ የሚያፍር አይደለም። 14 ተጫውቶ 14 አሸንፏል፤ ማርክ ኢንግራም በአላባማ ታሪክ የመጀመሪያውን ሃይዝማን አምጥቷል፤ በኮንፈረንሱ ፍጻሜም የቲም ቲቦውን ፍሎሪዳ 32 ለ 13 ሸኝቷል። ወደ ሦስተኛ ዝቅ ያደረግሁት በሁለት ምክንያት ነው። በብሔራዊው ፍጻሜ የቴክሳሱ ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረውና ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ኮልት ማኮይ ገና በጅማሬው ተጎድቶ ወጣ። ከዚያ በፊት ደግሞ በጥቅምት በቴነሲ ላይ የነበረው ነገር አለ። አላባማ 12 ለ 10 እየመራ ሰዓቱ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ ቴነሲ የማሸነፊያውን ምት መታ። ግዙፉ ቴረንስ ኮዲ ሰዎቹን ገፍቶ መሐል ገባና ኳሱን በክንዱ መለሰው፤ በዚያው ጨዋታ ሁለተኛው መሆኑ ነው። የራስ መከላከያው ወልቆ ሲጮህ የታየበት ፎቶ እስካሁን በየቤቱ ተሰቅሏል። አንድ ክንድ ባይዘረጋ ኖሮ ስለዚያ ዓመት የምናወራው በሌላ ቃና ነበር።

አራተኛ የ2012 ነው፤ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 29 ለ 24 ቢሸነፍም በፍጻሜው ኖተር ዴምን 42 ለ 14 አድቅቆታል። አምስተኛው ላይ ዋንጫ ያላነሣ ቡድን አስቀምጣለሁ፤ የ2018ን። በመደበኛው ውድድር 12ቱንም ጨዋታ ቢያንስ በ22 ነጥብ ልዩነት አሸንፎ በፍጻሜው በክሌምሰን 44 ለ 16 ተዋረደ። አንድ ክፉ ምሽት ዐሥራ አራት መልካም ቀናትን ያጠፋል ብዬ አላምንም። ክሌምሰንን 45 ለ 40 ያሸነፈው የ2015 ቡድን ስድስተኛ፣ አንድ ሰከንድ ሲቀር በተቆጠረ ታችዳውን ለክሌምሰን 35 ለ 31 የተረታው የ2016 ሰባተኛ ይሆናሉ።

የ2017 ቡድን ዋንጫ ወስዶም ስምንተኛ ነው። የኮንፈረንሱን ፍጻሜ እንኳ አልተጫወተም። ከጆርጂያ ጋር በነበረው ብሔራዊ ፍጻሜ ጆርጂያ እስከ ዕረፍት 13 ለ 0 ሲመራ ሴባን ኳርተርባካቸውን ጄይለን ኸርትስን አስቀምጠው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የነበረውን ቱዋ ታጎቫይሎዋን አስገቡ። በጭማሪው ሰዓት ልጁ ኳሱን እንደያዘ 16 ያርድ ወደ ኋላ ተጣለ፤ በሚቀጥለው ሙከራ 41 ያርድ ወርውሮ ዴቮንታ ስሚዝን አገኘው። 26 ለ 23። ድፍረቱ የአሠልጣኙ ነው፤ ደረጃ የምናወጣው ግን ለቡድኑ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት አብዛኞቹ የአንድ ቅጽበት ታሪክ ናቸው። የ2013 ቡድን 11 አሸንፎ ሦስተኛ ተከታታይ ዋንጫውን እያለመ ኦበርን ገባ። 28 ለ 28 ሆነው ሰዓቱ አለቀ። ሴባን አንድ ሰከንድ ይቀራል ብለው ተከራከሩ፤ ዳኞቹ በቪዲዮ አይተው መለሱላቸው። በዚያች ሰከንድ የተመታው የ57 ያርድ ምት አጠረ፤ ክሪስ ዴቪስ የተባለው የኦበርን ተጫዋች ከግቡ ሥር ተቀብሎ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሮጦ አስቆጠረ። ሰከንዷን የጠየቁት እርሳቸው መሆናቸው ነው የሚቆጨው። የ2022 ቡድን ሁለቱም ሽንፈቶች በመጨረሻው እንቅስቃሴ የመጡ ናቸው፤ አንዱ በቴነሲ፣ ሌላው በሉዊዚያና ስቴት። የ2023 ቡድን 29 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈውን ጆርጂያን አስቁሞ ሮዝ ቦውል በተባለው ግማሽ ፍጻሜ በሚሺጋን ተረታ፤ ሴባን ከዘጠኝ ቀን በኋላ ጡረታ ወጡ። የ2010 ቡድን ግን ምክንያት የለውም። ጁሊዮ ጆንስ፣ ኢንግራምና ትረንት ሪቻርድሰን በአንድ ላይ እያሉለት ሦስት ጊዜ ተሸነፈ፤ በገዛ ሜዳው ኦበርንን 24 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 28 ለ 27 መሸነፉን ጨምሮ።

መጨረሻው የ2007 ነው፤ 7 አሸንፎ 6 ተሸነፈ። በኅዳር ወር በሜዳው በትንሹ የሉዊዚያና ሞንሮ ዩኒቨርሲቲ 21 ለ 14 ተረታ። ከሴባን በፊት በጀመረ የመማሪያ መጻሕፍት አሰጣጥ ጥፋት ምክንያት ከሰባቱ ድሎች አምስቱ ኋላ ከመዝገብ ስለተሰረዙ በይፋዊው ሰነድ የአላባማ ድላቸው 201 ተብሎ ይገኛል። በዚያ ቡድን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የነበረው ሮላንዶ ማክሌን ከሁለት ዓመት በኋላ ያልተሸነፈውን የ2009 ቡድን የተከላካይ ክፍል ከመሐል ሆኖ ይመራ ነበር።