የከብት መለያና ክትትል ሕግ ተቃውሞ፤ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ሲታይ

የከብት መለያና ክትትል ሕግ ለእያንዳንዱ እንስሳ ቁጥር ሰጥቶ፣ ባለቤቱንና የሚውልበትን ቦታ መዝግቦ፣ ከበረት እስከ ቄራ የሚከታተል ሥርዓት ነው። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ጆሮ ላይ በሚንጠለጠል ፕላስቲክ ይጻፋል።

በሱሉልታ፣ በሰበታ፣ በሆለታና በለገጣፎ በኩል ያለ አርቢ ግን ከብቱን ቦራ፣ ቡሬ፣ ዳለቻ ብሎ በመልኩ ይለያል፤ ጥሩ እረኛ ደግሞ መንጋው ውስጥ የጎደለችውን ሳይቆጥር ያውቃል። ጆሮ መብጣትና መተኮስም የቆየ ልማድ ነው። ያ ምልክት ግን የባለቤቱ ነው፤ መዝገቡም ከባለቤቱ ራስ አይወጣም።

በኢትዮጵያ የእንስሳት በሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 267/1994 እና የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቁጥር 819/2006 ወጥተዋል። ከብትን የመለየትና የመከታተል ግፊቱ በከፊል ከውጭ ገበያ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፈው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ሲከሰት፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄዱ እንስሳትን አግደው ነበር።

ተቃውሞው በሰፊው የተጻፈበት አገር አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 በዋሽንግተን ግዛት የእብድ ላም በሽታ ከተገኘ በኋላ የግብርና ሚኒስቴሩ ብሔራዊ የእንስሳት መለያ ሥርዓት አቀደ። በፌዴራል ደረጃ ውዴታ ነው ቢባልም፣ ሚሺጋን እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2007 ጀምሮ ለቀንድ ከብቶች ግዴታ አደረገችው። ትናንሽ አርቢዎች ወጪውን፣ የግል መረጃቸው ለመንግሥት መሰጠቱን፣ ከዘመናዊ ቴክኖሎጂ የሚርቁት አሚሽ የተባሉ ክርስቲያኖች ደግሞ ሃይማኖታቸውን ጠቅሰው ተቃወሙ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደረሰ። ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 ዕቅዱን ተወ። ያ ድል ግን ዘላቂ አልሆነም፦ እ.ኤ.አ. በ2013 ከግዛት ግዛት ለሚሻገሩ ከብቶች አዲስ ደንብ ወጣ፤ ከኅዳር 2024 ጀምሮም በደንቡ የሚሸፈኑ ከብቶች አዲስ የሚታሰርላቸው መለያ በዓይንም በኤሌክትሮኒክ መሣሪያም የሚነበብ እንዲሆን ተደነገገ።

በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚሰማው ቅሬታ ከዚህ ይለያል። የከብቱን ቁጥር ለባዕድ መናገር ከጥንትም አይወደድም፤ ዓይን ይፈራል፣ ግብር ይፈራል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የከብት ግብር ተጥሎ ስለነበር ሁለተኛው ፍርሃት ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። ጆሮ የተበሳበት ቁስል ያመረቅዛል፣ መለያው እሾህ ይዞት ይቀደዳል የሚሉም አሉ፤ ይህ በአሠራር ጥንቃቄ የሚቃለል ይመስላል። ከተማው የግጦሽ መሬቱን እየዋጠበት ያለ ገበሬ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል፦ አንዱ መመዝገብ ለካሳ ይጠቅመኛል ይላል፣ ሌላው ለመነሳት መጀመሪያው ነው ብሎ ይሸሻል።

የተዳቀሉ የወተት ላሞች ያሉት አርቢ በመለያው ብዙም ፊቱን አያጠቁርም። ላሟ ከየትኛው ኮርማ ዘር እንደተወለደች የሚያሳይ መዝገብ በሽያጭ ጊዜ ዋጋ ያወጣል። ለአዲስ አበባው የካራ የከብት ገበያ የሚነዳው በሬ ነገር ሌላ ነው፤ ከገጠር ተነስቶ ገበያው እስኪደርስ ሦስት አራት ነጋዴ ሊቀባበለው ይችላል። በየመሐሉ የባለቤቱን ስም በመዝገቡ ላይ የሚያዛውረው ማን ነው፣ ክፍያውስ በሻጭ ነው በገዢ የሚለው እዚያ ገበያ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።