የቅርስ ቆጠራ ምንድን ነው? የሐረር ጁገል ቤቶች እንደ ምሳሌ

የቅርስ ቆጠራ ማለት በአንድ ጥንታዊ ሰፈር ያሉ ታሪካዊ ቤቶችን እየዞሩ መለየት፣ የእያንዳንዱን ሁኔታ በጽሑፍ፣ በፎቶግራፍና በንድፍ መመዝገብ፣ የትኛው ቤት በምን ምክንያት አደጋ ላይ እንደወደቀ ማመልከት ነው። ቆጠራ ሲባል ሰው ቁጥር ብቻ ይመስለዋል፤ ሥራው ግን ቤቱን ገብቶ ማወቅ ነው።

ይህን ለመረዳት ከሐረር የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከ13ኛው እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተገነባው ግንብ የታጠረው ጥንታዊው የከተማው ክፍል፣ ጁገል፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው በ1998 ዓ.ም. ሲሆን፣ በውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ (የሙስሊም ቅዱሳን) ስፍራዎች ይገኛሉ። መስጊዱንና ግንቡን ማንም ሰው ቅርስ ነው ይላል፤ አስቸጋሪው ቤተሰብ የሚኖርበት ተራ ቤት ነው።

ሐረሪዎች ጌይ ጋር፣ ማለትም የከተማ ቤት የሚሉት ይህ መኖሪያ ከመንገድ ሲታይ ብዙ የሚናገር ነገር የለውም። ክብሩ ከውስጥ ነው፤ ከፍታቸው የሚለያይ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች አሉት፤ አሚር ነደባ የቤቱ ጌታ መቀመጫ ሲሆን ጊድር ነደባ ደግሞ ሰፊው መደብ ነው፤ በግድግዳው ላይም የዕቃ ማኖሪያ ጎድጓዳ ቦታዎች ተሠርተውለታል። እንግዲህ መዝጋቢው ከደጅ ሆኖ «የድንጋይ ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን» ብሎ ቢያልፍ፣ ነደባው ፈርሶ ለሁለት ተከራይ የተከፈለውንና ውስጡ እንደነበረ ያለውን ቤት እኩል አድርጎ ጻፈ ማለት ነው።

ጁገልን የሚያሰጋው ሁልጊዜ ዶማ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጉዳቱን የሚያደርሰው በቅን ልብ የተደረገ እድሳት ነው፤ የእንጨት በር በብረት ይለወጣል፣ የአፈር ጣራ በቆርቆሮ ይተካል፣ ግድግዳውም በሲሚንቶ ይለሰናል። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ግድግዳ በኖራ ሲቀባ እርጥበቱን ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ሲለሰን ግን በስንጥቅ የገባው የዝናብ ውኃ መውጫ ስለሚያጣ፣ ከውጭ ጠንካራ የሚመስለው ግድግዳ ከውስጥ ጭቃው እየላላ ይሄዳል።

የኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለመጠገን አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘትን ግዴታ ያደርጋል። ሆኖም ቤቱ በዝርዝር ካልተመዘገበ፣ የተነሳው በር ምን ዓይነት እንደነበረ በምን ይረጋገጣል? መዝገቡ ቢኖርም እንኳ፣ ኖራና ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ ሳያቀርቡ ሲሚንቶን ብቻ መከልከል፣ በእኔ እይታ፣ ባለቤቱን ዝናብ እየፈሰሰበት ተቀመጥ ማለት ነው። ስለዚህ ጥሩ የቆጠራ ቅጽ ከግድግዳው ሁኔታ ጎን ለጎን፣ በቤቱ ስንት ቤተሰብ እንደሚኖር፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነና ለጥገና አቅም ያለው መሆን አለመሆኑን ይጠይቃል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ያው መዝጋቢ ወይም ተተኪው የፊተኛውን ፎቶግራፍ ይዞ ያንኑ ደጅ ያንኳኳል።