ለጋብቻ በዓል የሚሰጥ የእጅ ሥዕል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ልጆች ገንዘብ አዋጥተው ለወላጆቻቸው የጋብቻ 25ኛ ወይም 50ኛ ዓመት ሥዕል ሲያሠሩ፣ ወደ ሠዓሊው የሚሄዱት ብዙውን ጊዜ ከፎቶ ቤት የለመዱትን ሐሳብ ይዘው ነው፤ ከዚህ በታች ከሚነሡት ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ ነው።

«ሥዕሉ በሳምንት ይደርሳል።» ትልቁን ጉዳት የሚያስከትለው ይህ ግምት ነው። የዘይት ቀለም ባብዛኛው የቀለም ዱቄት በተልባ ዘይት ታሽቶ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ የተልባ ዘይት ደግሞ እንደ ታጠበ ልብስ ውኃው ተንኖለት የሚደርቅ ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ የሚጠጥር ነው። ስስ ቅብ ሲነኩት እጅ ላይ የማይለቅ እስኪሆን ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ ወፍራም ቅብ ግን ላዩ ደርቆ ውስጡ ለወራት እርጥብ ሊሆን ይችላል። በዓሉ ደረሰ ተብሎ እንዲህ ያለው ሥዕል በስጦታ ወረቀት ቢጠቀለል፣ ወረቀቱ ሲገለጥ የእናትን የነጠላ ጥለት ይዞ ይነሣል። የማሳረጊያው ቫርኒሽ በተለምዶ ከ6 እስከ 12 ወር ቆይቶ የሚቀባ በመሆኑም፣ ሠዓሊው በዓሉ ካለፈ በኋላ ሥዕሉን መልሳችሁ አምጡልኝ ቢል ደንበኛውን እያጉላላ ነው ማለት አይደለም። ቀብዱን ከበዓሉ ሦስት ወር ቀድሞ መክፈል ይበጃል፤ ጊዜው ካጠረ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ የሚደርቀውን አክሪሊክ የተባለ ቀለም መምረጥ ይቻላል።

«ጎበዝ ሠዓሊ ማለት ፎቶውን ቁልጭ አድርጎ የሚገለብጥ ነው።» ስልክ ከቅርብ ያነሣው ፎቶ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ፍላሽ ደግሞ የፊትን ጥላ ስለሚያጠፋ መልኩን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ይህን እንዳለ የገለበጠ ሠዓሊ የካሜራውን ስሕተት ሣለ እንጂ አባትን አልሣለም። በመስኮት ብርሃን የተነሡ ሦስት አራት ፎቶዎች ከአንድ ያማረ ፎቶ ይበልጥ ይጠቅማሉ። መነሻው ጥቁርና ነጭ የሠርግ ፎቶ ከሆነ፣ የካባው ቀለም ምን እንደነበረ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል፤ ስጦታው ድንገተኛ እንዲሆን ከተፈለገ ሙሽሮቹን ሳይሆን ሚዜዎቹን መጠየቅ ነው።

«ቤተሰብን በሥዕል ማስቀረት የፈረንጅ ልማድ ነው።» በጣና ሐይቅ በምትገኘው ናርጋ ሥላሴ፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሳነጿት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችንና ከልጇ ሥዕል ግርጌ ተደፍተው ተሥለዋል። እርግጥ ያ ለጸሎት እንጂ ለሳሎን የተሠራ አልነበረም፤ ሠዓሊን አዝዞ መልክን ማስቀረት ግን በአገራችን እንግዳ አለመሆኑን ያሳያል።

«ሥዕል ያለ መስታወት አይሰቀልም።» መስታወት የሚያስፈልገው ለውኃ ቀለምና ለእርሳስ ሥዕል ነው፤ የዘይትና የአክሪሊክ ሥዕል ያለ እርሱ ይሰቀላል። ይልቅ ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው ግድግዳና ቡና እየተፈላ ዕጣን ከሚጨስበት ጥግ መራቅ አለበት። አቧራውም በእርጥብ ጨርቅ ሳይሆን በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ቀስ ተብሎ ይነሣል።

«ወደ ውጭ አገር ሲላክ ቀለሙ ወደ ውስጥ ሆኖ ይጠቀለል።» ዋሽንግተን ለሚኖሩ ወላጆች ሥዕል የሚልኩ ሰዎች ቀለሙን የጠበቁ እየመሰላቸው የሚያደርጉት ይህንን ነው። ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ቀለም ይጨማደዳል፣ ሲዘረጋም ሊፈረፈር ይችላል። በሚገባ የደረቀ ሸራ የሚጠቀለለው የተቀባው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ፣ ሰፋ ባለ ቱቦ ላይ ነው፤ እንደ ደረሰም ሳይውል ሳያድር ተፈትቶ ሸራው በሚወጠርበት የእንጨት ክፈፍ ላይ መወጠር ይኖርበታል።