ዌብኩዌስት ምንድን ነው?

የፈተና ሰሞን ሲቃረብ ኢንተርኔት ቤቶች በተማሪ ይሞላሉ። አንዱ ይገባና «ስለ እምቦጭ አሳይመንት አለብኝ» ይላል። ባለቤቱ ርዕሱን ይጽፋል፤ ከፊት የመጣለትን ገጽ ይቀዳል፤ ያትማል፤ የተማሪውን ስም ከነክፍሉ ሽፋኑ ላይ አድርጎ ይጠርዛል። ተማሪው ከፍሎ ይወጣል። መምህሩም ጥራዙን አገላብጦ፣ ሽፋኑም አምሮለት ከሆነ፣ ከአሥር ዘጠኝ ይሰጣል። በዚህ ሁሉ መካከል ስለ እምቦጭ ያነበበ ሰው የለም። ዛሬ ቻትጂፒቲን የመሰሉ ፕሮግራሞች መጥተው የኢንተርኔት ቤቱን ገበያ አቀዘቀዙበት እንጂ ነገሩን አልለወጡትም።

ለዚህ ችግር ከተሰጡት መልሶች አንዱ ዌብኩዌስት ይባላል። በካሊፎርኒያ የሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት በርኒ ዶጅ እ.ኤ.አ. በ1995 ከቶም ማርች ጋር ሆነው የቀረጹት ዘዴ ነው። ጉግል የተመሠረተው ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው። ያኔ ዌብ ገና አዲስ ነበር፤ ተማሪን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጦ «ፈልግ» ማለት ብቻውን እንደማያስተምር ግን ከወዲሁ ታይቷል።

ዌብኩዌስት መምህሩ አስቀድሞ የሚያዘጋጀው የምርምር ፕሮጀክት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በቡድን ይሠራል። ተማሪዎች የሚያስፈልጋቸውን መረጃ በሙሉ ወይም በከፊል ከኢንተርኔት ያገኛሉ፤ ምንጮቹን መርጦ የሚሰጣቸው ግን መምህሩ ነው። ስለዚህ ተማሪው ክፍለ ጊዜውን በፍለጋ አያባክንም፤ በማንበብ፣ በማነጻጸርና በመወሰን ያሳልፈዋል። አጭሩ ከአንድ እስከ ሦስት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ ረጅሙ ከአንድ ሳምንት እስከ አንድ ወር ሊዘልቅ ይችላል። መግቢያ፣ ተግባር፣ ሂደት ከነምንጮቹ፣ ግምገማና ማጠቃለያ አለው። መግቢያውና ማጠቃለያው ብዙ አያስጨንቁም። ሥራው ሁሉ ያለው ተግባሩ ላይ ነው።

ያንኑ እምቦጭ፣ ጣና ሐይቅን የወረረውን የውኃ አረም፣ እንውሰድ። «የእምቦጭን ምንነት፣ መነሻና ጉዳት ጻፉ» የሚለው ትእዛዝ የሚቀዳ መልስ ይጠራል፤ ተማሪው ቢቀዳ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም። አሁን ደግሞ ይህንን እንየው። «እናንተ አራት አባላት ያሉት ኮሚቴ ናችሁ። አንዳችሁ የጎርጎራ ዓሣ አስጋሪ፣ አንዳችሁ የፎገራ ሩዝ አምራች ገበሬ፣ አንዳችሁ የባሕር ዳር ጀልባ አስጎብኚ፣ አንዳችሁ የሥነ ሕይወት ባለሙያ ናችሁ። በእጃችሁ ያለው ገንዘብ ለአንድ መንገድ ብቻ ይበቃል። በእጅ መንቀል፣ በማሽን ማጨድ፣ አረሙን የሚበላ ጢንዚዛ መልቀቅ ወይስ ኬሚካል መርጨት? ተስማምታችሁ ለወረዳው አስተዳደር የሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፉ።»

በሂደቱ ክፍል ለእያንዳንዱ ሚና የተለያየ ንባብ ይሰጣል። የሥነ ሕይወት ባለሙያው አረሙ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ መሆኑን፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት መቆየት እንደሚችል ያነባል፤ በእጅ መንቀልን የሚደግፈውን ጓደኛውን የሚሞግተውም በዚህ ነው። ጢንዚዛው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በቪክቶሪያ ሐይቅ አረሙን በመቀነስ ረገድ ስሙ የሚነሳ መሆኑንም ያገኛል። ገበሬው ግን ጢንዚዛ ተራብቶ ውጤት እስኪያሳይ ዓመታት እንደሚፈጅ አንብቧል፤ «እስከዚያ ማሳዬንና ከብቶቼን ማን ይጠብቃቸዋል?» ይላል። ዓሣ አስጋሪው ኬሚካል ሲባል ይነሳል፤ ዓሣውን ማን ይገዛዋል? አስጎብኚው ደግሞ ዘንድሮውኑ የሚከፈት የጀልባ መንገድ ስለሚፈልግ ወደ ማሽኑ ያደላል፤ የታጨደው አረም ዳር ወጥቶ የት እንደሚጣል የሚጠይቀው ሲመጣ ይቸገራል። አራቱም ትክክል ናቸው፤ ገንዘቡ ግን ለአንድ ብቻ ነው። ትምህርቱ ያለው እዚህ ጭቅጭቅ ውስጥ ነው።

የሚና ክፍፍሉ ሌላም ጥቅም አለው። በየትምህርት ቤቱ የአንድ ለአምስት ቡድን ሲዋቀር ያየ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ አንዷ ጎበዝ ትሠራለች፣ የቀሩት ስማቸውን ያስጽፋሉ። በዌብኩዌስት ግን ዓሣ አስጋሪው ያነበበውን ሌላው አላነበበውም። እርሱ ዝም ካለ ደብዳቤው ይጎድላል፤ ጓደኞቹም ሳይወዱ በግድ ያናግሩታል።

ዶጅ በኋላ የተግባር ዓይነቶችን አሥራ ሁለት አድርገው ዘርዝረዋል። መረጃን መልሶ መናገር፣ ማጠናቀር፣ ምስጢር መፍታት፣ የጋዜጠኛ ዘገባ፣ ዲዛይን፣ ማሳመን፣ ስምምነት ላይ መድረስና ፍርድ መስጠት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የእምቦጩ ኮሚቴ ስምምነት ላይ መድረስ ከሚባለው ይመደባል። መልሶ መናገር ቀላሉ ነው፤ በእኔ ግምት ብቻውን ሲቀር ያው ኢንተርኔት ቤት ይመልሰናል። ዌብኩዌስት ተብለው ከሚሰጡ ሥራዎችም ብዙዎቹ አሥር ጥያቄና አሥር አድራሻ የተደረደረባቸው የቤት ሥራዎች ናቸው።

ግምገማው ከመጀመሪያው ለተማሪዎች ይሰጣል። ምን ምን ነጥብ እንደሚያስገኝ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ሥራው ሳይጀመር በእጃቸው ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ማስተካከያ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። በ1995 ዓለም ውስጥ ደብዳቤውን የሚጽፍ ማሽን አልነበረም፤ ዛሬ አለ፣ ደህና አድርጎም ይጽፋል። ስለዚህ ከነጥቡ ግማሹ ለወረቀቱ፣ ግማሹ ቡድኑ በክፍል ፊት ቆሞ ለሚሰጠው መልስ ቢሆን ይሻላል። «ገበሬው ያነሳውን ተቃውሞ ለምን ውድቅ አደረጋችሁ?» ሲባል ያላነበበ ተማሪ ወዲያው ይታወቃል።

የእኛ አገር መምህር «ኢንተርኔት የት አለና?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የቴክኖሎጂ ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ፕላዝማውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ውስጥ የተሰቀለው ስክሪን በሳተላይት የሚሠራጭ ትምህርት በእንግሊዝኛ ያስተላልፍ ነበር። መምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠው ነበር፤ በቀረው ጊዜ ከተማሪው እኩል ተመልካች ነበር። ተማሪው ባይገባው ስክሪኑን «አንዴ ቆይ» ማለት አይችልም ነበር። ዌብኩዌስት አሠራሩ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ያለ መምህሩ አይንቀሳቀስም፣ ተማሪውም ካልተናገረ ወደፊት አይሄድም።

የሚፈልገው መሣሪያም ከሚገመተው ያነሰ ነው። መምህሩ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ገጾቹን አውርዶ በአንድ ላፕቶፕ ሊያመጣቸው ይችላል። ኪዊክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል አራት አራት ሲሆኑ አሥራ አምስት ቡድን ይወጣል፤ ለየሚናው ሁለት ሁለት ገጽ ቢሰጥ ለአንድ ቡድን ስምንት ገጽ፣ ለክፍሉ መቶ ሃያ ገጽ ፎቶ ኮፒ ነው። ርካሽ አይደለም፤ ግን በሚቀጥለው ዓመትም ያገለግላል። በወረቀት የተሠራ ዌብኩዌስት ስሙን አይመጥንም የሚል ካለ ይበል።

የሚከብደው ቋንቋው ነው። ስለ ቪክቶሪያ ሐይቅ ጢንዚዛ የተጻፈው አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሦስተኛው መስመር ላይ ይታክተዋል። መምህሩ ራሱ አንብቦ ለየሚናው አጠር ያለ የአማርኛ ማጠቃለያ መጻፍ ይኖርበታል፤ ይህ ደግሞ የቅዳሜንና የእሑድን እረፍት ይበላል። ለዚህ የሚከፍለው የለም። የሥነ ሕይወትና የኅብረተሰብ ትምህርት መምህራን እየተጋገዙ በሴሚስተር አንድ ብቻ ቢያዘጋጁ ሸክሙ ይቀላል፤ የእምቦጩ ጉዳይም ለሁለቱም ትምህርት ይሆናል። ድረ ገጾች አድራሻ ስለሚቀይሩና ስለሚዘጉ፣ ከአምናው ምንጮች የትኞቹ አሁንም እንደሚከፈቱ ከመስከረም በፊት አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል።