ግራል የሚባለው ብርጭቆ ምንድን ነው?

የስዊድን ብርጭቆ መሰብሰብ የጀመረ ሰው ቶሎ የሚምታታበት ነገር ከዕቃው ሥር የተቀረጸው «ግራል» የሚለው ቃል ነው። የሠዓሊ ስም አይደለም። የዘመን ምልክትም አይደለም። የአሠራር ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1916 በኦሬፎርስ ፋብሪካ ብርጭቆ ነፊው ክኑት ቤርክቪስት ከሠዓሊው ሲሞን ጋቴ ጋር የጀመሩት።

መጀመሪያ በባለቀለም ብርጭቆ የተሸፈነ ትንሽ ብርጭቆ ይነፋል። ከቀዘቀዘ በኋላ ቀለሙ ተቀርጾ ወይም በአሲድ ተበልቶ ሥዕል ይወጣለታል። ከዚያ ቀስ ተብሎ እንደገና ይሞቅና ንጹሕ ብርጭቆ ከላይ ለብሶ እስከ መጨረሻ መጠኑ ይነፋል፤ ሥዕሉም አብሮ ስለሚለጠጥ ቀራጩ ገና ከጅምሩ ይህን አስቦ መሥራት አለበት፣ ከባዱም ነገር ይሄ ነው።

ስለዚህ ጣትህን አሳልፍበት። ሥዕሉ ከሻከረህ ተራ ቅርጽ ነው፣ ግራል ለስላሳ ነው።

ሌላው ወጥመድ በውስጡ የዓሣ ሥዕል ያለበት ወፍራም የግራል የአበባ ማስቀመጫ ነው። የኦሬፎርሱ ሠዓሊ ኤድቫርድ ሃልድ የነደፈው በ1930ዎቹ መጨረሻ ሲሆን ለብዙ አሥርት ዓመታት ተመርቷል። ሻጩ «ግራል ስለሆነ የ1910ዎቹ ነው» ካለህ አትስማው፣ ገልብጠህ ሥሩ ላይ ያለውን ቁጥር አንብብ።